ጥበብ የሚረክሰው ሲቆለፍበት ነው

ጥንታዊ ጥበብ ለሁሉም ከተከፈተ ይረክሳል የሚሉ ሰዎች ኒሪትያግራምን ቢያዩ ይበጃቸዋል። ፕሮቲማ ቤዲ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕንድ ውስጥ፣ ባንጋሎር አቅራቢያ ያቋቋመችው ይህ የዳንስ መንደር ኦዲሲ የተባለውን ጥንታዊ የሕንድ ዳንስ በታላላቅ የዓለም መድረኮች ያሳያል፤ የአካባቢውን ልጆች ደግሞ በነፃ ያስተምራል። ኦዲሲ እንደ ዋዛ የሚያዝ አይደለም፦ አንገት፣ ወገብና ጉልበት በየአቅጣጫው ይታጠፋሉ፤ እግር መሬቱን ሲመታ የቁርጭምጭሚቱ ቃጭል ከከበሮው ምት ዝንፍ ማለት የለበትም። ይህን በገዛ እግሯ የሞከረች የገጠር ልጅ ነገ መድረክ ፊት ስትቀመጥ እያጨበጨበች ብቻ አትመለስም፤ የተበላሸውን ከተሳካው ትለያለች። አዳራሽ በትኬት ይሞላል፤ ባህል የሚዘልቀው ግን ዐዋቂ ተመልካች ሲኖረው ነው። ለጥበብ ገንዘብ የሚመድቡ ሁሉ ለውጭ አገር ጉዞ የሚሰጡትን ያህል ለመንደር ትምህርትም ይስጡ።