ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል?

በሕይወቴ መጀመሪያ "ልሩጥ" ብዬ የወጣሁ ቀን የሮጥኩት አራት ደቂቃ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አስፋልት ይዤ፣ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቼ፣ ከሰልባጅ የገዛሁትን ጫማ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ተነሳሁ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ደረቴ ተቃጠለ፣ አፌ ውስጥ የደም ደም የሚል ነገር መጣ፣ በቃ መንገድ ዳር ዘፍ አልኩ። ሞባይሌን አውጥቼ አየሁ፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም።

ከላይ ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩኝ።

"የኔ ልጅ፣ ማን አባሮሽ ነው?"

"ማንም አላባረረኝም እማማ። ስፖርት እየሠራሁ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል?" አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው፣ ያንኑ እርምጃቸውን ሳይለውጡ ወረዱ። እኔ ትንፋሼ እስኪመለስ እሳቸው ከዓይኔ ተሰውረዋል።

እውነቱን ለመናገር የሚያባርረኝ ነበር። አባቴን የቀበርነው በ54 ዓመቱ ነው። ደም ግፊት። አምና መሥሪያ ቤት ውስጥ በነፃ ሲለኩን ደግሞ የእኔም ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና 27 ዓመቴ ነበር። ሐኪሟ "መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ወራት እንይ፤ ጨው ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ" አለችኝ። እኔ "ተንቀሳቀሺ" ያለችውን "ሩጪ" ብዬ ሰማሁት። "ሩጪ"ን ደግሞ "እንደ ደራርቱ ሩጪ" ብዬ።

የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። እኛ ሩጫን የምናውቀው ከመጨረሻው ዙር ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሩጫ ማለት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለን፣ ደወሉ ሲደወል ከሶፋ ተነስተን የምንጮህበት ነገር ሆነ። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ያሉትን ዓመታት አናይም። ስለዚህ ከሰፈራችን አንዱ ቱታ ለብሶ ሲወጣ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "እንዴ፣ አትሌት ልትሆን ነው?"

አትሌት መሆን የማይፈልግ ሰው መሮጥ አይችልም እንዴ?

በኋላ ላይ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ መውጣት ስለምድ እውነተኞቹን አትሌቶች አየኋቸው። መጀመሪያ የገረመኝ ፍጥነታቸው ሳይሆን ዝግታቸው ነው። ቀለል ባለው የልምምድ ቀናቸው በባሕር ዛፉ መሃል ተሰልፈው፣ የኋላው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ ሶምሶማ ይላሉ። ማይክል ክራውሊ የሚባል የብሪታንያ አንትሮፖሎጂስት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ከአትሌቶቻችን ጋር ሮጦ በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። እሱም ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ብቻን መሮጥ እዚህ ብዙም አይወደድም፣ ዝግ ባለው ቀን ደግሞ በእርግጥም ዝግ ይባላል። የዓለም ፈጣኖቹ ቀስ ማለትን እንደ ሥራ ሲይዙት፣ ከቢሮ ወንበር የተነሳሁት እኔ በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ፍጥነት እፈልግ ነበር።

ርቀት መጨመርስ? ትዕግሥት አሰፋን ተመልከቱ። ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነው፤ ትራኩን ሁለት ጊዜ መዞር ማለት ነው። የመጀመሪያ ማራቶኗን ሪያድ ላይ የሮጠችው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ፈጀባት። በዓመቱ ተኩል በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ሪከርድ ሰበረች። እኛ የምናስታውሰው በርሊንን ነው። በ800 ሜትርና በበርሊን መካከል ያሉትን ስድስትና ሰባት ዓመታት ማንም ቲክቶክ ላይ አልለጠፈልንም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ጉለሌ ለጀማሪ ሯጭ ውብም ክፉም ቦታ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተወልደን ስላደግንበት አይሰማንም እንጂ ዳገቱን ስንሮጥ ሳንባችን ሒሳቡን ይጠይቃል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ እንጦጦን ለጊዜው ለእግር ጉዞ ተዉት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ የትም አይሄድም። 200 ሜትር የምትሆን ደልዳላ መንገድ ከሰፈራችሁ ፈልጉና ተመላለሱባት። የሰፈር ልጅ "ምን ጠፍቶሽ ነው የምትመላለሺው?" ይላል፤ ይበል።

እኔ ይህንን ሁሉ ያወቅሁት በሁለተኛው ስህተቴ ነው። ከአራት ደቂቃው ውርደት በኋላ ተረጋግቼ ጀመርኩ፤ ሦስት ሳምንት ሁሉ ነገር አማረልኝ። አራተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሼ ስለተሻለ "ኧረ እችላለሁ!" አልኩና ቅዳሜ ዕለት ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ስትራቫ ላይ ለጥፌ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቅልጥሜ በቢላ የተወጋ መሰለኝ። ስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ለታላቁ ሩጫ የገዛሁትን ቲሸርት ለብሼ፣ መስቀል አደባባይ ሳልሄድ፣ ውድድሩን በቴሌቪዥን አየሁት።

ለካስ ሰውነት አንድ ላይ አይለምድም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት መሻሻል ይጀምራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። "አሁን ጎበዝኩ" የምንልበት ሳምንት እግራችን ገና ያልተዘጋጀበት ሳምንት ነው ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ሲከብደን ሳይሆን ሲቀለን ነው።

ስልካችሁ ላይ "በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ" የሚል ምክር ሳታዩ አልቀራችሁም። መጥፎ ምክር አይደለም፤ ግን ክታብ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ500 በላይ ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን በዚህ ሕግ፣ ሌላውን በተለመደው ፕሮግራም አሠለጠነ። በሁለቱም ቡድን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ተጎዳ። ቁጥሩ ብቻውን አያድንም። ከስልኩ ይልቅ ቅልጥምን ማዳመጥ ይሻላል፤ ስትሞቁ የሚጠፋ ድካም ችግር የለውም፣ ስትሮጡ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን "ቁም" ማለት ነው። ደረት ላይ የሚይዝ ወይም የሚያዞር ነገር ካለ ደግሞ ጫማውን አስቀምጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ።

ሁለተኛ ጊዜ ስጀምር የተከተልኩት የድሮ ዘዴ ነው። ጆሽ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ በ1996 እ.ኤ.አ. ለእናቱ ብሎ ያዘጋጀው የዘጠኝ ሳምንት ፕሮግራም አለ፤ ከሶፋ ተነስቶ 5 ኪሎ ሜትር ለመድረስ። መጀመሪያ 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ ከዚያ 90 ሰከንድ እርምጃ። እኔ ለእኛ ዳገት ብዬ ትንሽ አላላሁት። በሳምንት ሦስት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ቀኖቹ አይጋጩባችሁም። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል።

ሁልጊዜም አምስት ደቂቃ በእግር በመሄድ ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስድስት ጊዜ። በአምስተኛውና በስድስተኛው አራት በሁለት፣ አምስት ጊዜ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ስምንት በሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ዘጠነኛው ላይ 14 ደቂቃ ሮጣችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ተራምዳችሁ፣ እንደገና 14። በአሥረኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት፤ የሚቆጣጠራችሁ የለም። 30 ደቂቃው ሲለምዳችሁ ከሦስቱ ቀናት አንዷ ላይ ብቻ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። የርቀት ምስጢር ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ፍጥነቱስ? እየሮጣችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ጓደኛ ይዛችሁ ውጡና አማ፤ ሐሜቱ ከተቋረጠ ቀንሱ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ሰዓትም ስልክም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ለሴት ልጅ ትልቁ ዳገት እንጦጦ አይደለም፤ ለከፋ ነው። አንድ ደቂቃ ሮጬ ሁለት ደቂቃ ስራመድ "ደከመሽ እንዴ? ልሸከምሽ?" ያላለኝ የለም። እየፈጠንኩ የሮጥኩባቸው ብዙዎቹ ቀናት ሰውነቴ ስለቻለ ሳይሆን ከዚያ ቦታ ቶሎ ለመጥፋት ነበር። ጉዳቴም ከዚህ አይጠፋም። መንገድ ዳር የምትቀመጡ ወንድሞቼ፣ ዝም ማለት ብቻ ትልቅ እርዳታ ነው። እኔ መፍትሔ ያገኘሁት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር አብሬ በመውጣት ነው፤ ሁለት ስንሆን አፉም ይቀንሳል፣ ውሻውም ይቀንሳል። ጨለማው ሳይገፍ እንጦጦ ጫካ አትግቡ፤ ጅቡ ፈረቃውን አልጨረሰም።

ቦታም ጥያቄ ነው። "የሯጮች አገር" እንላለን እንጂ የሰፈር ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ጃን ሜዳን አስቡ፤ ጥምቀት የሚከበርበት፣ የአገር አቋራጭ ውድድር የሚካሄድበት ሜዳ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ገበያ ሆኖ ነበር። ለቀጣዩ ጥምቀት ለማድረስ ትልቅ የጽዳት ዘመቻ ጠየቀ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሌላ ምርጫ ጠፍቶ ይሆናል። ግን ሜዳ ባዶ የሆነ ቦታ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ቦታ መሆኑን መርሳት የለብንም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ "መንገድ ለሰው" ተብሎ እሑድ እሑድ አስፋልት ለእግረኛ ሲለቀቅ ያየነው ደስታ፣ በኮሪደር ልማቱ ሰፋ ያለው የእግረኛ መንገድም፣ ወደ ጉለሌ ውስጥ ውስጥ መንደሮች መድረስ አለበት። ለእኔ ሰፈር ስታዲየም አያስፈልገውም። መብራት ያለው፣ መኪና የማይቆምበት አንድ ኪሎ ሜትር ይበቃዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ ነው። በቀን ስልክ ላይ ከምናጠፋው ጊዜ ጋር አነጻጽሩት። እኔን ያሳፈረኝ ዳገቱ ሳይሆን ይኼ ሒሳብ ነው።

ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የተሳተፈበት፤ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ነው። አብዛኛው ሰው ታዲያ አይሮጥም። ይጨፍራል፣ ይራመዳል፣ ሴልፊ ይነሳል፣ ትንሽ ይሮጣል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ አሥር ሳምንት ገደማ አለ። ዛሬ የጀመረ ጀማሪ 10 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ አይሮጥም፤ እየሮጠ እየተራመደ ግን ሳይጎዳ ይጨርሳል። ዘንድሮ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ።

ግፊቴ? ወርዷል፤ ግን ሐኪሟ "ገና ነው፣ ቀጥዪ" ብላኛለች። ጨውም ቀንሻለሁ፣ ክብደትም ቀንሻለሁ፣ ስለዚህ ሩጫው ብቻ ነው ብዬ አልምልላችሁም።

እኒያን እናት ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ወደ እንጦጦ በወጣሁ ቁጥር ግን ከላይ የሚወርዱትን እናቶች አያለሁ፤ ሸክማቸው ከባድ ነው፣ መንገዳቸው ረጅም ነው፣ አንዳቸውም አይቸኩሉም። እኔም ደረቴ መቃጠል ሲጀምር ወደ እርምጃ እቀይራለሁ። የጎረቤቴ ልጅ "ደከመሽ?" ትለኛለች።

"አይ" እላታለሁ፣ "የሚያስቸኩለኝ የለም።"