ሐረጎን መውጣት ያቃተው ቀጠሮ

በክትትል ክፍል የተቀመጠ ሐኪም የሚያየው ተመልሶ የመጣውን ሰው ነው። የቀረው አይታየውም። ስለዚህ የአንጓ ብግነት ታማሚዎች ለምን ክትትል እንደሚያቋርጡ ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ በአብዛኛው ግምት ነው፦ «ትንሽ ሲሻላቸው ይተዉታል»፣ «ግንዛቤ የላቸውም»፣ «ወደ ጸበል ሄደው ይሆናል»። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ሦስቱም ጥፋቱን ታማሚው ደጃፍ ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ከኮምቦልቻ በኩል ሆኖ ለተመለከተው፣ ከቀሩት ብዙዎቹ የቀሩት ሒሳቡን በደንብ ሠርተው ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ሩማቶይድ የሚባለው የአንጓ ብግነት ከወንድ ይልቅ ሴትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። አንዱ ዋና ምልክቱ ጠዋት ላይ መገጣጠሚያን አስሮ መያዙ ነው። ጣት አይጨበጥም፣ ጉልበት አይዘረጋም፤ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሲብስማ እስከ ረፋድ ይዘልቃል። እንግዲህ ቀጠሮውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ካርድ ክፍል የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ ወረፋ ለመያዝ ከመከፈቱ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ክትትሉ ያለው ደሴ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው፤ ግን መንገዱ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ የሚያወጣ ዳገት ነው። በማለዳ ሚኒባስ ለመሳፈር ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ መነሣት ነው። እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት በዚያ ሰዓት የቀሚሷን ቁልፍ ራሷ መቆለፍ አትችልም፤ ልጇ ይቆልፍላታል፣ ጫማዋንም ያጠልቅላታል፣ ባጃጁ ላይ ደግፎ ያወጣታል። ከሞቃቱ ኮምቦልቻ ወጥታ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው የደሴ ብርድ ውስጥ ስትወርድ ገና አልተፍታታችም። ቀጠሮው በሽታው እጅግ በከፋበት ሰዓት «ተነሺ፣ ልበሺ፣ ተሳፈሪ» ይላታል። የእነዚህን ሰዎች ተራ ወደ ረፋድ ወይም ወደ ከሰዓት በኋላ ለማዞር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ያልተደረገው ታስቦበት ስለማያውቅ ብቻ ነው።

ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ አለ። ሰዓታት ተቀምጦ የቆየ ጉልበት መልሶ ይታሰራል፤ ስለዚህ ስሟ ሲጠራ ፈጥና መነሣት የማትችለው ሴት ተራዋ ሊያልፋት ይችላል። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ የሚናገር የለም። ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው ቁጢጥ የሚያስብል ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ይውላል። ዘዴው አንድ ነው፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ አለመጠጣት። ይህ በየትኛውም የክትትል ቅጽ ላይ አይጠየቅም፤ «በሚቀጥለው አልሄድም» የሚያሰኘው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የሚገኘው ምንድን ነው? የጥቂት ደቂቃ ንግግር፣ የደም ምርመራ ወረቀት፣ «መድኃኒቱን ቀጥዪ»፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ። በአገሪቱ የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ታማሚ የሚታየው ስኳሩም ደም ግፊቱም ኩላሊቱም በሚታይበት የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የብግነት መለኪያ የሆነውን የኢኤስአር ቁጥር ያያል። ታማሚዋ የምትለካው በሌላ መለኪያ ነው፦ ሊጡን አቡክቻለሁ ወይ? ጀበናውን በአንድ እጄ አንስቻለሁ ወይ? ሶላት ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ፣ ወይም በስግደት ወርጄ ራሴን ችዬ ተነሥቻለሁ ወይ? ቁጥሩ ወርዶ ጀበናው ካልተነሣ ለእሷ አልተሻላትም። ጀበናው ተነሥቶ ቁጥሩ ካልወረደ ደግሞ ድናለች፤ ታዲያ ለምን ትመጣለች?

በእኔ አስተያየት የነገሩ ቋጠሮ መድኃኒቶቹ ላይ ነው። ዲክሎፌናክ መርፌ ወይም ኪኒን በሰዓታት ውስጥ ሕመም ይቀንሳል። ፕሬድኒሶሎን በጥቂት ቀናት ውስጥ የተኛውን ያስነሣል። በሽታውን በእርግጥ የሚገታውና መገጣጠሚያው እንዳይጣመም የሚከላከለው ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ፣ ውጤቱ እስኪታይ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቅ፣ በየጊዜው ጉበትንና የደም ሴሎችን ማስመርመር የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። ተአምር የሚመስለው መድኃኒት በሽታውን አይገታም፤ የሚገታው ደግሞ ምንም የሠራ አይመስልም። ይህን በደንብ ተቀምጦ ያላስረዳ ሐኪም ታማሚውን የሚያጣው በሁለተኛው ወር ነው።

ፕሬድኒሶሎን ያለ ክትትል ሲቀጥል አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ፊትን ይነፋል። ጎረቤት ግን «ማሻ አላህ፣ ተመችቶሻል! ፊትሽ ሞላ» ይላል። የጎንዮሽ ጉዳቱ የመዳን ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። በሌላ በኩል የሜቶትሬክሴትን ስም ስልክ ላይ የፈለገ የእህት ልጅ «አክስቴ፣ ይኼ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው» ብሎ ያስደነግጣታል። እውነቱን ነው፤ በከፍተኛ መጠን ለካንሰር ይሰጣል፤ ለአንጓ ብግነት የሚሰጠው ግን እጅግ ያነሰ ነው። አዲስ ያገባች ወጣት ታማሚ ደግሞ የራሷ ጭንቅ አላት። ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ማርገዝ አይፈቀድም። ልጅ የሚጠብቅ ባልና አማት ባሉበት ቤት ይህን መናገር ስለማትችል፣ ብቻዋን አድርጎ የጠየቃት ሐኪምም ስለሌለ፣ ዝም ብላ መድኃኒቱንም ቀጠሮውንም ትተዋለች። በካርዷ ላይ የሚቀረው «አልመጣችም» የሚለው ብቻ ነው።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልበለው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ በ2003 ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ ደቡብ ወሎ ለመድኑ ባዳ አይደለም። መድኑ ለድሃ ታማሚ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ መነሣትን ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ሁለት ቀን ይሆናል። መስኮቱ ላይ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባለ ደግሞ ካርዱ ወረቀት ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ሌላ ሥጋት ይጨመራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ፈቃድ ይሰጠዋል።  ሳይተኛ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን የሚቀር ሠራተኛ ግን በየጊዜው የሐኪም ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ ወረቀቱም ለአለቃው «ይህ ሰው የማይድን በሽታ አለበት» ብሎ ይነግርበታል። ስለዚህ ቀጠሮውን ይሰርዛል፤ ማታ ከፋርማሲ ኪኒን ይገዛል።

ጸበልና ፍል ውሃም በተቀናቃኝነት ይነሣሉ። በከሚሴ መስመር ወደ ቦርከና ፍል ውሃ የሚወርድ ሰው አልተታለለም፤ ሙቀት ለታሰረ መገጣጠሚያ እፎይታ እንደሚሰጥ ሕክምናውም ያምናል። እዚያ ቀናት ይቆያል፣ ከቢጤው ጋር ያወጋል፣ «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» የሚለው አያጣም። ጉዳቱ መድኃኒቱን ቤት ትቶ ከሄደ ነው። «ሂጂ፣ ኪኒንሽንም ይዘሽ ሂጂ» የሚል ሐኪም ታማሚውን አያጣም፤ የሚቆጣው ግን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ደሴ ሆስፒታልም አልተረፈም። ክትትል የሚባል ነገር በአንድ ጊዜ ቆመ። በዚያ ጊዜ በሽታው የተነሣባቸው አሉ፤ እነዚህ ያገኙትን ማስታገሻ እየዋጡ ከረሙ። ሳይነሣባቸው የቀሩም አሉ፤ በሽታው በባሕርዩ አንዳንዴ ጋብ ይላልና። እነዚህኞቹ «ለካ ያለ መድኃኒትም ይኖራል» ብለው ደመደሙ፤ ማንም አላረማቸውም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት የተነሣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የተቀጠረበት ቀን መንገድ የሚዘጋበት ቀን ይሁን አይሁን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የተቋረጠ ልማድ መንገዱ ስለተከፈተ ብቻ አይመለስም።

ለመሆኑ ሰው ቀጠሮ የሚያከብረው ባሕርዩ ሆኖ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በታዘዘው መሠረት የሚከታተለው በአማካይ ግማሹ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «የእኛ ሰው» የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ ያብቃ። በዚሁ በወሎ፣ በዚሁ ዳገት፣ ከዚሁ ድህነት ጋር ለዓመታት ሳያቋርጡ መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ያለ ወገኖቻችን። ከ1997 ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ሆነ። በነጻ መሆኑ ግን ብቻውን አልሠራም። ቀጠሮ ያሳለፈን ሰው ስም ከመዝገብ አውጥቶ የሚደውል፣ ካልተገኘም በር የሚያንኳኳ ሰው ተመደበ፤ አንዳንዱም ራሱ መድኃኒቱን የሚወስድ ነበር። «ያ በውጭ ገንዘብ የተሠራ ነው» ይባላል። መድኃኒቱ፣ አዎ። ስልክ መደወል ግን የውጭ ዕርዳታ አያስፈልገውም። አንድ መዝገብ፣ አንድ ነርስ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል።

የአንጓ ብግነት አይተላለፍም፤ ቶሎም አይገድልም፤ በየዓመቱ ቀን የሚከበርለትም እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ የጠፋውን ታማሚ የሚቆጥር የለም። ሰው ሲታመም ሳይጠይቁ መቅረት ነውር በሆነበት አገር፣ ሕመምተኛ ጠፍቶ ሳይጠየቅ የሚቀረው ሕክምና ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በኮምቦልቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የተረጋጉ ታማሚዎች መድኃኒታቸውንና የደም ምርመራቸውን ቢያገኙ፣ ደሴ ድረስ የሚወጣው በሽታው የተነሣበት ብቻ ይሆናል፤ ሐኪሙም ለእሱ ጊዜ ያገኛል።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አክስትህ ክትትል ካቋረጠች አትቆጣት። የምትውጠውን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርገህ ይዘሃት ሂድ። ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ሳምንታት ወስዳ ከሆነ በራሷ ፈቃድ በአንዴ እንዳታቆም ንገራት፤ መጠኑ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ሜቶትሬክሴት ካለባት ደግሞ የምትውጥበት ቀን በሳምንት አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ፤ በየቀኑ የተዋጠ እንደሆነ ሊገድል ይችላል።