አስታ ለግቢያችንም ይገባል

በከተማችን ግቢዎች የሚያብቡት ቦገንቪላውም ጃካራንዳውም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ውበታቸውን አልነቅፍም። የሚቆጨኝ የሰሜንና የባሌ ተራሮችን የሚያለብሰው አስታ በየችግኝ መሸጫው ስጠይቅ አለመገኘቱ ነው።

አስታ ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ይበቅላል። አውሮፓውያን ለአትክልት ቦታ የሚሆኑ ዝርያዎች መርጠውለታል፤ ከሥሩ እብጠትም ፒፓ ይሠራሉ። እኛ ደጋ ላይ በብዛት የምናውቀው በማገዶነቱ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው፦ ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ አበባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች፣ አፏን የደፋች ነጭ ደወል። እነዚህ ደወሎች ቅርንጫፉን ሲሸፍኑት ንቦች አይለዩትም።

አስታ የብርድ አገር ተክል ነው፤ ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ አልመክረውም። ለእንጦጦ ግርጌ፣ ለደብረ ብርሃንና ለመሰል ደጋ ከተሞች ግን ይስማማል። ፀሐይ ይወዳል፤ ውኃ የሚቋጥር መረሬ አፈር ግን ሥሩን ያበሰብስበታል። ኮምጣጣነት ያለው፣ ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ይሻላል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶና ኖራ አፈሩን ስለሚለውጥ አስታው ይገረጣል። ማዳበሪያ አያብዙበት፤ በድሃ አፈር መኖር የለመደ ነው። ዘሩ እንደ ብናኝ የደቀቀ ስለሆነ አይቀበርም፤ እርጥብ አፈር ላይ በትኖ በስሱ መጫን ብቻ ይበቃል። ችግኙ ሲጠነክር ክረምት መግቢያ ላይ ይተከላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ከተራራ ነቅላችሁ አታምጡ። ሥሩ ከደቃቅ ፈንገሶች ጋር ተቆራኝቶ ስለሚኖር ትልቁ ተክል ሲነቀል ብዙውን ጊዜ ይደርቃል፤ ተራራውም ይራቆታል። አስታ ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ከተነቀለ ግን ተስፋ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለችግኝ ጣቢያዎች ነው። ዘሩን በጥንቃቄ ሰብስባችሁ አፍሉልን። በየዓመቱ ችግኝ ለመትከል የሚወጣው ሕዝብ የአገሩን ተክል በስሙ ጠይቆ የሚገዛበት ቦታ ይኑረው። ልጆቻችን አስታን በደጃቸው ሲያውቁት፣ ተራራው ላይ ሲጨፈጨፍ ዝም ብለው አያልፉም።