ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?

ማንቡክ ላይ ይህን ጥያቄ ጮክ ብለህ ከጠየቅህ ሻይህ ይቀዘቅዛል። አሊ ይበልጣል ታይሰን ብሎ መከራከር ቀላል ነው፤ ቀለበት ውስጥ ተገናኝተው ስለማያውቁ ማንም አይረታም። የኛዎቹ ግን ሰዓት አላቸው፣ ተገናኝተዋልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ ወጡ። «በቃ አለቀ!» ይሉናል የቀነኒሳ ወገኖች። ቆይ እንጂ ጎበዝ! ያን ቀን አንዱ 21፣ ሌላው 30 ዓመቱ ነበር። ላሪ ሆልምስ በ1980 የ38 ዓመቱን አሊን ስላሸነፈ «ከአሊ ይበልጣል» ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። (እርግጥ ኃይሌ እንደ አሊ አላረጀም ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሷል።)

ሰዓቱስ? የቀነኒሳ የ2005 ሰዓት 26:17.53 ነው፤ ከኃይሌ የ1998 ሰዓት ከ26:22.75 በ5 ሰከንድ ያህል ይሻላል። ኃይሌ በ1995 የዓለም ክብረ ወሰኑን ሲረከብ ግን 26:52.23 ነበር። ሂሱና ቴርጋት እየነጠቁት፣ እሱም እያስመለሰ ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ቀነሱት። መንገዱን የጠረገው እሱ ስለሆነ ድምፃችን ለኃይሌ ነው።

የቤጂንጉን ድርብ ወርቅና 11ዱን የግል የአገር አቋራጭ የዓለም ድሎች አንክድም። ኃይሌ ሁለቱም የሉትም፤ እዚህ ላይ አፋችንን ያዘጉናል።

ምሩፅ ይፍጠርስ? በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስትቀር ቀርቶ፣ በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ወሰደ። ክርክሩ ሲጦፍ ግን ስሙን የሚያነሳ ከመካከላችን የለም።