አንቀልባን የሠራ አገር

ለጎልፍ ከረጢት ምቹ ማንገቻ ሲነድፉ የሚውሉ ባለሙያዎች እንዳሉ ሳነብ አልሳቅሁም፤ ቀናሁ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ዱላውን ከ14 እንዳይበልጥ ወሰነ። ለዚያች ሸክም ደግሞ በሁለቱም ትከሻ የሚያርፍ፣ ስፖንጅ የገባበት ሰፊ ማንገቻ ተበጀላት።

የእኛ ገጣሚስ? ከሰቃ አቅጣጫ እንጨት አዝላ ወደ ጅማ የምትጓዘውን ሴት ጉብጠቷን ዜማ፣ ላቧን ጤዛ ያደርግላታል። ደረቷን የሚሰነጥቀውን ቀጭን ገመድ ግን አያየውም። ወዳጆቼ፣ ይህን ቅኔ አልለውም፤ ዓይንን መጨፈን ነው።

ድህነት ነው አትበሉኝ። እናቶቻችን አንቀልባን ሠርተዋል፦ ሰፊ ቆዳ፣ ክብደቱን በጀርባና በትከሻ የሚያካፍል፣ አልፎ ተርፎም በዛጎል ያጌጠ። ለሕፃኑ የታሰበው ለእንጨቱ ለምን አልታሰበም? እንጨት ስለማያለቅስ ይሆን?

የኤክስፖርት ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ሸክም የመከረው ጣሪያ 55 ኪሎ ነበር። ወዛደሩ ያንን የሚያነሣው በባዶ ትከሻው፣ ቢበዛ በታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ነው።

እንግዲህ ስለ ቡናችን መዓዛ ግጥም የሚያነብልኝ ሰው አስቀድሞ ጆንያው በማን ትከሻ እንደተጫነ ይንገረኝ።