ፀሐይ ኵል አያስፈልጋትም

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ የፀሐይን መውጣትና መግባት በፎቶግራፍ ማንሣት እወዳለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ መሣሪያዬም አባቴ ሌላ ሲገዙ የሰጡኝ አሮጌ የእጅ ስልክ ነው። ዛሬ የምገልጸው አሳብ አንዳንድ ጓደኞቼን ያስቀይም ይሆናል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን እኔ ራሴ ስለ ሠራሁት ለመናገር ፈቃድ ያለኝ ይመስለኛል። የማለዳና የማታ ሰማይን ካነሣን በኋላ ቀለሙን በስልካችን ማጋነን መተው አለብን እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 21 ቀን አያቴ እንጦጦ ማርያምን ለመሳለም ሲወጡ እኔም ተከተልኋቸው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ የጧቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ፀሐይ የወጣችው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማዩ መልኩን ሲለዋውጥ ቆየ። ከተማው ከታች በጢስና በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። እኔ ወደ የረር በኩል ዞሬ ሃያ ያህል ፎቶግራፍ አነሣሁ።

ቤት ገብቼ ባየሁት ጊዜ አፈርሁ። ሰማዩ አመድማ ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ብርቱካንማ መስመር ብቻ ይታያል። ስለዚህ ቀለም የሚያደምቀውን ምልክት እየገፋሁ ሰማዩን በርበሬ እስኪመስል ድረስ አቀላሁት። ስልኬም ሞልቶ ስለ ነበር የቀሩትን ሁሉ፣ ዋናውንም ጭምር፣ አጠፋሁ። ሥዕሉ በወላጆች ቀን በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ያየውም ሁሉ አደነቀ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ።

አያቴ ግን ከፊቱ ብዙ ቆሙና «ይህ የየት አገር ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እንጦጦ ነው እማማ፤ ያን ዕለት አብረን የወጣን ጊዜ» አልኋቸው።

«እኔስ ይህን አላየሁም» አሉ። አልተቆጡም። እርሳቸው ያዩት በምዕራብ፣ በወጨጫ በኩል፣ ሰማዩ ጽጌረዳ መስሎ፣ ከሥሩም ሰማያዊ ጥላ ተዘርግቶ እንደ ነበረ ነገሩኝ። ያ ሁሉ ከኋላዬ ኖሯል! በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ያ ሰማያዊ ነገር የምድር የራሷ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በተቃራኒው ሰማይ ላይ ያርፋል፤ ከበላዩም ቀዩ ብርሃን ተመልሶ ይታያል። አያቴ «የዚያን ዕለቱን እንዳለ ስጠኝና ከአልጋዬ አጠገብ ልስቀለው» ብለው ነበር። የምሰጣቸው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው ዐቀበቱን እንቢ ስላለ እንጦጦ አልወጡም።

ለመሆኑ ሰማዩ ለምን ይቀላል? እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1871 (በአውሮፓ አቈጣጠር) እንዳስረዱት አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ይበትነዋል። ፀሐይ ከአድማስ ላይ ስትሆን ብርሃኗ ከራሳችን በላይ በምትሆንበት ሰዓት ከሚያልፈው አየር ወደ አርባ እጥፍ በሚጠጋ አየር ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ሰማያዊው በመንገድ ይቀርና ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል። አየሩ ንጹሕ ሲሆን ቀለሙ ይጠራል፤ አቧራና ጢስ ሲበዛበት ይደበዝዛል። ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ በመስከረም የሚታየው ሰማይና በበጋው መካከል የሚታየው አንድ አለመሆናቸውን ማንም ማለዳ የሚነሣ ሰው ያውቃል። እንግዲህ ያፈርሁበት አመድማ ሥዕል በከተማችን ላይ ስላለው አየር ይመሰክር ነበር፤ እኔ ምስክሩን በሐሰት አስለወጥሁት።

በነሐሴ 1883 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ክራካታው የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ወደ ላይ የወጣው ብናኝና ጋዝ ዓለምን ዞረ፤ በለንደንም ሳይቀር ማታ ማታ ሰማዩ በእሳት የተያያዘ መሰለ። ያን ጊዜ ቀለም ያለው ፎቶግራፍ ገና አልተለመደም። ዊልያም አስክሮፍት የሚባል ሠዓሊ ግን በቴምዝ ወንዝ ዳር በቼልሲ ተቀምጦ ሰማዩ በተለወጠ ቍጥር በቀለም ጠመኔ እየፈጠነ ይሥል ነበር፤ ከ500 በላይ ሥዕል ሠራ። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲም በ1888 ስለ ፍንዳታው ባወጣው መጽሐፍ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን አትሟል። ሰውዬው ለገዢ እንዲያምር ብሎ ቀይ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ሊቃውንቱ በምን ያምኑት ነበር?

አንድ ጓደኛዬ «ስልኩ ራሱ ቀለሙን ይለውጥ የለምን?» ሲል ተከራከረኝ። እውነቱን ነው። ስልክ ነጩን ነገር በግምት ስለሚፈልግ የማለዳውን ቅላት እንደ ስሕተት ቈጥሮ ያነጣዋል። እኔ አሁን ቀለሙን «የቀን ብርሃን» ከሚለው ላይ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ጣቴን ከብሩሁ ሰማይ ላይ አሳርፌ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ አደርጋለሁ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥም ስልኩን በድንጋይ ላይ አስደግፋለሁ። ይህ ማረም እንጂ ማኳኳል አይደለም። ወሰኑ የት ነው ብትሉኝ በዚያ ጧት አብሮኝ የቆመ ሰው ሥዕሉን አይቶ ቦታውን ማወቁ ነው እላለሁ። ከልቡ ቀለም መጨመር የሚወድ ይጨምር፤ ሠዓሊም እንደ ወደደ ይሥላል፤ ነገር ግን «እንጦጦ፣ ታኅሣሥ 21» ብሎ አይጻፍበት።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ትርኢት የማቀርበው አሳብ አለኝ። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በታች ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው ይጻፍ፤ ቀለሙ ተለውጦ እንደሆነም ይገለጽ። ይህን ለአንድ መምህራችን ባማክራቸው «ግድግዳውን የፈተና ወረቀት ልታስመስለው ነው?» ብለው ሳቁ። ቢስቁም ከአሳቤ አልተመለስሁም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ 21 ቀን ብቻዬን ወጥቼ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞርሁ። ጽጌረዳው ሣሣ ያለ ነው፤ ጥላውም ቶሎ ወረደ፤ ሦስት ፎቶግራፍ ብቻ ደረሰልኝ። አንዱን ሳልነካው አሳጥቤ ለአያቴ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጥቂት አዩት፤ ከዚያም ወጨጫን በጣታቸው አሳዩኝ።