ተካይ በዛ፣ አሳዳጊ ጠፋ

ዛፍ እጠላለሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ዘፋኙም ዛፍ ወዳጅ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ችግኝ ታቅፎ ካሜራ ፊት ቁጢጥ የማይል የለም። ታዲያ ሁሉ የሚወደው ዛፍ ስለ ምን በየመንገዱ ዳር እንደቆመ ይደርቃል? የምንወደው መትከሉን እንጂ ዛፉን ስላልሆነ ነው እላለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረን። በቁጥሩ አልከራከርም። በመቶ ይህን ያህሉ ጸድቋል ሲባልም እሰማለሁ። ግን የትኛው? በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሰፈር? ሄጄ ካልዳሰስኩት፣ ከጥላው ካላረፍኩ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ችግኝ የሚተከለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ አጠጪው ሰማዩ ነው። መስከረም ከጠባ በኋላ ዝናቡ ይሄዳል፤ ሥሩ ገና ያልጠለቀው ችግኝ ረጅሙን በጋ ብቻውን ይጋፈጣል። ውሃ የሚያቀምሰው ካጣ ጥር ላይ ጭራሮ ነው። ያን ጊዜ ግን ካሜራው የለም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ መከራው ይብሳል። የመንገድ ዳር አፈር በማሽን የተጠቀጠቀ፣ የግንባታ ፍርስራሽ የሞላበት ነው። ሥር አየርና ውሃ ይሻል፤ እኛ ግን እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ እናፈስበታለን። የችግኙ ፕላስቲክ ሳይቀደድ የተቀበረ እንደሆነ ሥሩ እዚያው ተጠማዞ ይታነቃል። ይህን ሁሉ ተርፎ ያደገውን፣ የመብራት ሽቦ ነካ ብለን አናቱን እንጎምደዋለን። ቁስሉ ይበሰብሳል፤ በላዩ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ደካማ ነውና አንድ ቀን ነፋስ ይገነጥለዋል። ከዚያ «አደገኛ ዛፍ» ተብሎ ይፈረድበታል። አደገኛ ያደረግነው ግን እኛው ነን!

ልማት ጠል እንዳልባል፣ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው የኮሪደር ልማት እግረኛው ሰፋ ያለ መንገድ ማግኘቱን አልክድም። ይሁንና ጥላ የሌለው ሰፊ መንገድ በመጋቢት እኩለ ቀን ምጣድ ነው። ዘንባባውም መልከ መልካም ነው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ግን አያስጠልልም። «አንድ ቢቆረጥ አሥር እንተክላለን» የሚሉትም ሒሳቡን ቢያስተካክሉት ደግ ነው። የአምሳ ዓመት ዝግባ የሚተካው በአሥር ችግኝ አይደለም፤ በአምሳ ዓመት ነው።

ታሪካችን ራሱ ይመስክር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ማገዶ አልቆባት፣ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከስደት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ማደጉ፣ ከብት አለመብላቱ፣ ቢቆርጡት ማቆጥቆጡ ረድቶታል። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤት ነበረው፤ የተከለው ሰው ለማገዶውና ለማገሩ ሲል ይጠብቀው ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥዱና ወይራው እስከ ዛሬ የቆመውስ የሚጠብቀው ስላለ አይደለምን? የመንገድ ዳሩ ዛፍ ግን የሁሉም ነው ተብሎ የማንም ሳይሆን ቀርቷል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ሾላ፣ ወይራ ሰፈር፣ በኦሮምኛ ግራር ማለት የሆነው ላፍቶ፣ ዝግባ ማለት የሆነው የፒያሳው ብርብርሳ፤ ሁሉም የዛፍ ስም ነው። ስሙን ወርሰን ዛፉን እየቀበርን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በግንዱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ይተውለት። እያንዳንዱ የመንገድ ዳር ዛፍ ቢያንስ ለሦስት በጋ የሚያጠጣው፣ በስሙ የሚጠየቅ ሰው ይመደብለት። ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ምክንያቱ ለሰፈሩ ሰው ይነገር። ቆጠራውም ከሐምሌ ወደ ግንቦት ይዛወር፤ ከበጋው የተረፈውን እንቁጠር። ቁጥሩ ያንሳል፤ እውነት ግን ይሆናል። ያን ጊዜ ካሜራውም ይምጣ፤ አጠጪውን ያንሳልን።